የሊቀ መንበሩ የክርስትና ስም

ዘመናትን እንደ ቀንና እንደ ሌሊት የሚያፈራርቅ፣ የሚሾምም የሚሽርም፣ የእርሱ ዙፋን ግን የማይናወጥ እግዚአብሔር አምላክ ስሙ ይክበር ይመስገን። ወጌን በእርሱ ስም መጀመሬ፣ ያለፈውን ሳነሣ ምላሴ ወደ ምሬት እንዳያዘነብልብኝ ልለጉመው ብዬ ነው።

ነገሩን ያነሣሣብኝ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር መታወቂያዬን ለማሳደስ ከሎግያ በባጃጅ ሰመራ ሄጄ ነበር። በቢሮው ደጃፍ ሰልፉ ረዝሞ፣ ፀሐዩ ገና በማለዳው አናት ይበሳል። አንድ ወጣት ሽበቴን አይቶ የቆመበትን ጥላ ለቀቀልኝ፤ ጌታ ይባርከው። ከፊቴም ከኋላዬም ያሉት እንደ ልማዳቸው መንግሥትን ያማሉ፤ እኔ እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። በዚህ መካከል ከዱብቲ በኩል ጥጥ የጫነ ትልቅ መኪና በአስፋልቱ አለፈ። ነፋሱም ተከትሎት ያንን የጥጥ ፍሬ ሽታ አመጣብኝ፤ ዘይት ዘይት የሚል፣ ጥቂት አቧራና ጥቂት የቦይ ጭቃ የተቀላቀለበት። እግሬ ሰመራ እንደ ቆመ ልቤ ዱብቲ ገባ።

ያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ቢሮውና ዩኒቨርሲቲው የቆሙበት ሜዳ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር፤ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ያልፉበታል እንጂ ማንም አይቆምበትም። ከተማችን ዱብቲ ነበረች። እኔ ከወሎ ደጋ ዜማ ተምሬ፣ ቅኔ ቆጥሬ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ ከወረዱት አንዱ ነኝ። በመንግሥት እርሻው የጥጥ መጋዘን ሚዛን ላይ ተቀጥሬ፣ በሰንበትና በበዓል ቀን በዲቁና አገለግል ነበር። የሠራተኛው ልብስ ካኪ ነው፤ አዲሱ ካኪ ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል፣ ያረጀው ደግሞ የላቡ ጨው ጀርባው ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቅበታል። እግር ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ፤ ትንሽ የደላው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ ግን በእኩለ ቀን ፀሐይ ፕላስቲኩ ሲግል ኮንጎ ያደረገው በረባሶ ባደረገው ይቀናል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር። ስኳርና ላምባ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ይገኛል፤ ከዚያ የጎደለውን ደግሞ ከሐጂ እንድሪስ እንጠይቃለን። ሐጂ እንደኔው ከወሎ የወረዱ፣ ከትልቁ ኒም ዛፍ ሥር ባለው ማእዘን የሚነግዱ እስላም ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የሬዲዮናቸውን ባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ ደርድረው ያሞቃሉ፤ የሞቀ ባትሪ ዕድሜው ይረዝማል ይባል ነበርና። ሬዲዮኑ ማለዳ ማለዳ የሰልፍ ዘፈን ይለቃል። ከማሳው ግን ሌላ ዜማ ይመጣል፤ ጥጥ ለቃሚዎቹ ሴቶች ከቦዩ ወዲህ አንዱን ሲያነሡ፣ ከቦዩ ወዲያ ያሉት ይቀበሏቸዋል፤ ዘፈኑ ውኃውን ሲሻገር እየቀጠነ ይሄዳል። ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው የፈለጉትን ሁሉ ይሰማሉ፤ እንዲያ ከማሳ ማሳ የሚሻገር ዜማ ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ቤተ ክርስቲያናችን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ነበረች። ሙቀቱ ሲበረታ ቆርቆሮው እየተንቋቋ ከዜማችን ጋር ይሻማል። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስም፤ ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት ይሻል። እኛ ደግሞ ልክ አምስት ነበርን። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል በዚያ በረሃ የሚተካው አይገኝምና፣ አንዳችን ወባ ሲይዘን ምእመናኑ ሁሉ ይጨነቃሉ። ታላቃችን አባ ተክሌ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደፊት ያዘነበለ፣ ፈገግታቸው ከጢማቸው ቀድሞ የሚታይ ሽማግሌ።

አባ ተክሌ መንግሥትን በተመለከተ አንድ አቋም ነበራቸው፤ ዘመኑ ቢለዋወጥም አልለወጡትም። ግብር ሲጠየቅ ቀድመው ይከፍላሉ። የሰፈር ጥበቃ ተራቸው ሲደርስ ዱላና መስቀል ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌው ሁሉ መሠረተ ትምህርት ይግባ የተባለ ጊዜ፣ ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡት እኒህ ሰው፣ ከሐጂ እንድሪስ ጎን በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ከሁሉ ጋር ሀ ሁ አሉ። አስተማሪዋ ወጣት ልጅ አፍራ፣ እርስዎ እንኳ ይቅርብዎ ብትላቸው፣ ትእዛዙ ለሁሉ ነው፣ ሀ ሁም ቢደጋገም ኃጢአት የለበትም፣ እንዲያውም አጠራሬን አቃናሽልኝ አሏት። እግዚአብሔርን አታስክዱኝ እንጂ ሌላውን እታዘዛለሁ ይሉ ነበር። በስብሰባ ላይ ሕዝቡ ግራ እጁን ጨብጦ ሲያነሣ፣ እሳቸው መስቀል የያዘ ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያያል፤ እንዳላየ ያልፋል።

ሊቀ መንበሩ ጓድ መርዕድ ይባል ነበር። ወጣት ነው፤ ከሹመቱ በፊት የትራክተር መካኒክ ነበርና የጥፍሮቹ ሥር ዘይት ለብሶ እንደ ጠቆረ ነው። ሃይማኖት ትቻለሁ ብሎ በአደባባይ የተናገረ ነው። ክፉ ነበር አልልም፤ ደግ ነበር ብዬም ላስውበው አልሻም፤ በእርሱ ቃል የታሰሩ ነበሩ፣ በእርሱ ዝምታ የዳኑም ነበሩ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከወንበሩ ጫፍ ነው፤ ሊነሣ የተዘጋጀ ይመስላል።

አዋሽ እኛ ዘንድ ዝናብ ሳይዘንብ የሚሞላ ወንዝ ነው። ደጋው ላይ ክረምቱ ሲበረታ፣ እኛ በጠራ ሰማይ ሥር ተቀምጠን ውኃው በጭቃና በግንድ ተሞልቶ ይመጣብናል። በዚያ ዓመት በፍልሰታ ጾም ወንዙ ከወትሮው ይልቅ ከፍ አለ፤ ከተማውንና ማሳውን የሚጠብቀው የአፈር ግድብ መላላት ጀመረ። እሑድ ጠዋት ጓድ መርዕድ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ አካፋና ጆንያ ይዞ ወደ ግድቡ እንዲወጣ ሊያስነግር ነው። ቦት ጫማውን ማውለቅ አልወደደም፤ ስለዚህ ከነቆቡ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ናትና ውጭ የቆመም ሁሉን ይሰማል።

አባ ተክሌ ገና ከወባ መነሣታቸው ነው፤ ያውም በጾም። ስለ መንግሥት ወደሚጸለየው ስንደርስ እኔ ሕዝቡ እንዲጸልይ አዘዝሁ፤ እሳቸው ተቀበሉ። ወጣትም ሽማግሌም ሆነው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ስፍራ ላይ የንጉሡን ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ንጉሡ የተሻሩበት ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ግን ስም ሳይጠሩ ያልፉት ነበር። ያን ቀን ምላሳቸው በለመደው መንገድ ሄደ፤ የተሻረውን፣ ከዓመታት በፊት ያረፈውን ንጉሥ ስም፣ በዜማ፣ አሳምረው ጠሩት።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተቀበለ፤ ከዚያ ነገሩ ሲገባው ድምፁ በመካከል ተቆረጠ። እኔ ዞር ብዬ በበሩ አየሁ። ጓድ መርዕድ እንደ ቆመ ነው። ከጎኑ ግን የኮሚቴው አባል የሆነ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱ ፈገግ አለ። የፈራሁት ያንን ፈገግታ ነው።

በዚያ ዘመን የንጉሡን ስም በጉባኤ መጥራት ምን እንደሚያመጣ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ወደ አሳይታ፣ ወደ አውራጃው ይላካል፤ ከአሳይታ ደግሞ ወዴት እንደሚላክ ማንም አይናገርም። አባ ተክሌ ከተወሰዱ ያ ሽማግሌ ገላ እስር እንደማይችል ሁላችን እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያኗም ቅዳሴዋ ይቋረጣል። ማክሰኞ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰኞ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ቤታቸው ሄድሁ፤ ባለቤታቸው አንድ ጋቢና ጥቂት ዳቦ ቆሎ ጠቅልላለች፣ እሳቸው ደግሞ በረባሷቸውን በሽቦ ይጠግናሉ። ላጽናናቸው ነበር የመጣሁት። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም፤ ቢወስዱኝ ሕዝቡ አኩርፎ ግድቡን እንዳይተው አደራ፣ ውኃው የማንንም ቤት አይመርጥም አሉኝ።

አዳራሹ ቀድሞ የባላባት መጋዘን የነበረ ነው። ሙቀቱ ያፍናል፤ ሕዝቡ በካርቶን ቁራጭ ራሱን ያራግባል። ጓድ መርዕድ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ያ የኮሚቴ አባል ተነሥቶ፣ ይህ ቄስ አድኃሪ ነው፣ ንጉሡ እንዲመለስ ሕዝብ ሰብስቦ ይጸልያል ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ወደ አባ ተክሌ ዞረ።

«አባ፣ ግለ ሂስ ያድርጉ» አላቸው።

አባ ተክሌ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥፋትን በራስ አንደበት መናገር ነው አልኋቸው።

«ንስሐ ማለትህ ነው» አሉ ለሊቀ መንበሩ። «ንስሐማ በሕዝብ ፊት አይነገርም። የንስሐ አባቴም ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል፤ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ።»

ሁለተኛው ቄሳችን አንገታቸውን ደፉ። ሕዝቡ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አንዳንዱ አልቻለም። ከሳሹ ተቆጥቶ፣ ይቀልዳሉ፣ ንጉሡን እየጠሩ ይቀልዳሉ አለ።

«እሳቸውማ ሞተዋል፣ ልጄ» አሉት አባ ተክሌ። «የሞተ ሰው ይንገሥልኝ ብሎ የሚጸልይ ቄስ የት አይተህ ታውቃለህ?»

በዚህ ጊዜ ሐጂ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። ሳይፈቀድላቸው ነው የተነሡት።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ቅዳሴ አላውቅም» አሉ። «ግን አንተ ራስህ ትናንት ሱቄ ስታልፍ ወዴት ነው ብልህ፣ ወረዳ ግዛት ደርሼ ልምጣ አላልኸኝም? ወረዳ ግዛትማ የንጉሡ ዘመን ስም ነው፤ ዛሬ አለ እንዴ? ምላስ የለመደችውን ነው የምትለው። ወላሂ፣ በምላስ ስሕተት ከታሰርን የእስር ቤቱን በር ከውጭ የሚዘጋ ሰው አይተርፍም።»

አሁን ሕዝቡ ሳቀ። ጓድ መርዕድ አልሳቀም፤ ግን ከወንበሩ ጫፍ ወደ ኋላ ተደግፎ ተቀመጠ። እንዲያ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«እሺ አባ፤ ታዲያ ዛሬ ለማን ነው የሚጸልዩት?»

«ለእናንተ።»

«ማን ጠይቆዎት?»

«በመጽሐፍ ታዝዤ ነው እንጂ ማንም አልጠየቀኝም። ለንጉሡም የጸለይሁት ስለ ታዘዝሁ ነው፤ ስለ ወደድኋቸው ወይም ስለ ጠላኋቸው አይደለም። እይ ልጄ፤ እኔ ብሳሳት የማለቅሰው እኔው ነኝ። አንተ ብትሳሳት ግን ይህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያለቅሳል። ከሁላችን ይልቅ ጸሎት የሚያስፈልግህ አንተ ነህ። ነገር ግን ጓድ ብዬ አልጸልይም፤ በቅዳሴ የሚጠራው በክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስምህን ንገረኝና በየሰንበቱ አነሣሃለሁ።»

በአዳራሹ የሚራገቡት ካርቶኖች ቆሙ። ያንን ስም መናገር ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከሳሹ እያየ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ ስሜ ይህ ነው ቢል ሹመቱንም ራሱንም ማጣት ነው። የሊቀ መንበሩ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ፤ በልጅነት ማዕተብ ይታሰርበት ወደነበረው ስፍራ። ከዚያ እጁን መለሰ።

«የክርስትና ስም የለኝም» አለ።

«እንግዲያስ ስም ሳልጠራ እጸልያለሁ» አሉ አባ ተክሌ፤ በድምፃቸው ቁጣም ኀዘንም አልነበረበትም።

ጓድ መርዕድ ተነሣ። የሽማግሌ ምላስ ስሕተት እንደሆነ ኮሚቴው ተረድቷል፣ ጉዳዩ በዚህ ቀበሌ ተዘግቷል፣ ወደ አውራጃ አይሄድም፣ አሁን ሁሉም ወደ ግድቡ አለ። ከሳሹ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ለአንተም አካፋ አለ አለው።

ያን ሳምንት ከተማው ሁሉ ግድቡ ላይ ነበር። እስላሙና ክርስቲያኑ፣ ደገኛውና አፋሩ በአንድ ሰልፍ ቆመን ጆንያ እንቀባበላለን። አባ ተክሌ መሸከም ስላልቻሉ የጆንያውን አፍ ይዘው ይቆማሉ፤ አካፋውን ይዞ አፈር የሚሞላላቸው አንዳንዴ እኔ ነኝ፣ አንዳንዴ ሊቀ መንበሩ ነው። ያን ጊዜ ካኪው በጭቃ ተለውሶ ከማናችንም አይለይም ነበር። ሲሠሩ አይነጋገሩም። የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ዋዜማ ላይ ውኃው መቀነስ ጀመረ፤ ግድቡ ያዘ። ዛሬ በዚያ በኩል በባጃጅ ሲያልፉ ያ የአፈር ክምር ቁጥቋጦ በቅሎበት ፍየል ይሰማራበታል፤ ሰው ያቆመው መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የተዘጋው ጉዳይ ግን ተዘግቶ አልቀረም። ጥጡ በተለቀመበት ወራት፣ ያ ከሳሽ ራሱ አሳይታ ድረስ ሄዶ፣ ሊቀ መንበሩ አድኃሪ ቄስ ሸሽጓል ብሎ ተናገረ። ጓድ መርዕድ ለስብሰባ ተብሎ ተጠራ። ሄደ፤ አልተመለሰም። በምትኩ ሌላ ተሾመ። እኛም እንደ ዘመኑ ልማድ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይቸኩሉ ቆመው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ አንዱ ለአንዱ ይነግራል፤ ዳጉ ይሉታል። ወሬ በዳጉ ከሬዲዮን ቀድሞ ይደርሳል። አንድ ቀን ወተት ሻጯ አፋር ሴት ለሐጂ እንድሪስ፣ ከአሳይታ እስረኛ የጫነ መኪና እየመጣ ነው፣ የእናንተ ሰው በውስጡ አለ አለቻቸው። ሐጂ ሱቃቸውን ክፍት ትተው መጥተው ለአባ ተክሌ ነገሯቸው። አባ ተክሌም አንድ ማሰሮ ውኃ ይዘው ከእኔ ጋር ወደ ኒሙ ዛፍ ወረዱ።

መኪናው ራዲያተሩ ግሎ ከዛፉ ሥር ቆመ። ሐጂ ወዲያው ለጠባቂዎቹ ሻይ አወጡ፤ አብሽሩ፣ ጥላ ላይ ተቀመጡ፣ መንገዱ ሩቅ ነው እያሉ። ወታደሮቹም ልጆች ነበሩ፤ ተቀመጡ። አንደኛው አባ ተክሌን አይቶ፣ ውኃ ከሆነ ስጧቸው አለ። እኔ ደግፌያቸው በጎማው ላይ ወጡ። ጓድ መርዕድ ከጫፍ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ውኃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ መጀመሪያ ከጎኑ ላለው ሰጠ። ከዚያ ጠጣ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እንዲህ አለ።

«ወልደ ሚካኤል ነው፣ አባ።»

አባ ተክሌ ማሰሮውን ተቀበሉት።

«የሚጠራህ ሰው አለ?» አሉት።

«እናቴ ካረፈች ወዲህ የለም።»

መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ ጠባቂዎቹ ሳያዩ ይሁን እያዩ ዝም ብለው አላውቅም፣ ግንባሩን አሳለሙት። መኪናው ውኃ ጠጥቶ ተነሣ። በሎግያ መንገድ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆመን አየን። ሐጂ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡ።

በማግሥቱ ሰንበት ነበር። ስለ ሹማምንት ወደሚጸለየው ስንደርስ ያን ስም እንዳይጠሩ ፈራሁ፤ አባ ተክሌ ግን ስም ሳይጠሩ፣ ቀስ ብለው፣ ስለ አዲሶቹም ስለ ሁሉም በሙሉ ልባቸው ጸልየው አለፉ። ስለ መንገደኞች ወደሚጸለየው ሲደርሱ ነው የቆሙት። ቆርቆሮው ተንቋቋ። እሳቸውም «ወልደ ሚካኤል» አሉ። ማን እንደሆነ ከሕዝቡ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ሁሉም አሜን አለ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰንበት አልዘለሉትም። እኔ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራ ተዛውሬ አዋሽ ሰባት ሄድሁ፤ በዚያም ቅስና ተቀበልሁ። ባቡሩ በጣቢያው በሚቆም ጊዜ፣ ብርቱካን ሻጮቹ በመስኮቱ ሲሯሯጡ፣ እኔ ደግሞ ከወረዱት መንገደኞች መካከል አንድ ዘይት የለበሰ ጥፍር ያለው ሰው እፈልጋለሁ። ከእስር የተፈቱትን ጠይቄያለሁ፤ አንዱ አየሁት ይላል፣ ሌላው አላየሁም ይላል። አባ ተክሌ በዱብቲ ከማረፋቸው በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ወባው በመጨረሻ አሸነፋቸው። እጄን ይዘው፣ እንግዲህ ያ መንገደኛ የአንተ ነው አሉኝ።

ዘመኑም አለፈ፤ መንግሥቱም ተለወጠ፤ ሰመራም ከድንጋዩ መካከል በቀለች። እኔም አርጅቼ በሎግያ ተቀመጥሁ፤ ስለ ገዥዎቻችንም እንደ ታዘዝሁ እጸልያለሁ። ዕድሜን ብናሰላ ወልደ ሚካኤል ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ በዚያ መንገድ ቀርቶ እንደሆነም ስሙ ሙታን ወደሚታሰቡበት ጸሎት መዛወር ነበረበት። ነገር ግን መርዶ አልደረሰኝም። መርዶ ያልተነገረለትን ሰው ሞቷል ብዬ ከሕያዋን ልለየው ደፍሬ አላውቅም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በየሰንበቱ፣ ከመንገደኞች ጋር እጠራዋለሁ።

ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ የቤታችሁን ምሰሶ ያጽናላችሁ፤ ልጆቻችሁን በስማቸው የሚጠራቸው አያሳጣቸው፤ የሚያስተዳድሯችሁን ልብ ያለስልስላችሁ፤ ከደጃችሁ ወጥቶ የዘገየውንም ቸሩ አምላክ በሰላም ይመልስላችሁ። አሜን።